ባዶ ነው ያልኩት ጀርባ

እናቴ በስም አታምንም ነበር። አንዲት ሴት ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ቀርባ ስሟን እስከ አያቷ ብትናገር እንኳ፣ እናቴ ከመነጽሯ በላይ አሻግራ እያየቻት «የትኛዋ ነሽ?» ትላታለች። ሴትዮዋ ግራ ይገባትና «እኔ ነኛ» ትላለች። እናቴም «እሱንማ አየሁ፤ ግን በዚህ ስም ሌሎች አምስት አሉኝ» ብላ መሳቢያውን ትስባለች። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ጀርባ ጀርባቸውን ታይና «አሃ፣ ባልሽ አናጺ የሆነው አንቺ ነሽ» ትላታለች። ሴትዮዋ የተሰለፈችበትን ድካም ረስታ ትስቃለች።

ካርዶቹ ፊታቸው ላይ እናቴ የጻፈችው በእስክሪብቶ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የማይስማማ መድኃኒት። ጀርባቸው ላይ ደግሞ እናቴ በእርሳስ የጻፈችው አለ። «ረጅሟ»፤ «ስትስቅ አፏን የምትሸፍነው»፤ «ጆሮው ከበድ ይላል፣ ጮክ በሉለት»፤ «ሁሌ ከአማቷ ጋር የምትመጣው»። አንዱ ላይ «ጨቅጫቃ ነው፤ ግን ተቆጥቶ ሲያበቃ ይመርቃል» የሚል ነበር። ለምን በእርሳስ እንደምትጽፍ ስጠይቃት «ሰው ይለዋወጣላ» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከጡረታዋ በፊት አራት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ስለሠራሁ ነው። ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነበር። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት መሳቢያዎች በጉልበት ተደግፈው ወደ ላይ ካልተነሱ አይከፈቱም። የሁላችንም ቀኝ ጉልበት ሰማያዊ ሆኖ ነው የኖረው። ክረምት ሲገባ ካርቶኑ እርጥበት ይይዝና ክፍሉ ሙጫና ሳሙና ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ሳላስበው ይመጣብኛል፤ ሲመጣም ቆም ብዬ አሸተዋለሁ፣ ሰው ቢታዘበኝም ግድ የለኝም።

በካርድ ጀርባ መጻፍ ክልክል ነበር። ያኔ የነበሩት ዳይሬክተር «ካርድ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ መሞነጫጨር በሥርዓት ያስቀጣል» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አስለጥፈው ነበር። በየስድስት ወሩ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። «ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሁላችንም በአንድ አፍ «ባዶ ነው» እንላለን። አንድም ቀን አንድ ካርድ ገልብጠው አላዩም። ሲወጡ እናቴ «ውሸት እኮ አይደለም፤ ላላየው ሰው ባዶ ነው» እያለች ትቀልዳለች፣ እኛም ሳቃችንን አፍነን ወደ መሳቢያችን እንመለሳለን። ይህ «ባዶ ነው» በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ልናገር ነው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከእሷ የተረፍነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፤ እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፣ እሱ የሽቦ። ልጅ ሆኖ የቤቱን ሬድዮ ፈታቶ ሲገጥም አራት ብሎን ተረፈው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ «ፕሮፌሰር» አለችው፣ ስሙም ጸደቀ። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን የቆዩ ሰነዶችን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ቢሮ ከፈትን። እኔ የወረቀቱን ስፒል እነቅላለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ ስካነር ላይ አስቀምጣለሁ። እሱ ደግሞ በእጅ የተጻፈን ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቷል። ሁለት ስካነር ነበረን። አንደኛዋን «አሮጊቷ» እንላታለን፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የግድ ማሳል አለባት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደህና ሄደልን። ኋላ ግን ትልልቆቹ መጡ። ከሁሉም የባሰብን አንድ ወጣት ነው፤ በሐምሌ ብርድም በግንቦት ሙቀትም ከሙሉ ሱፍ ስለማይወጣ «ባለ ሱፉ» ብለን ስም አወጣንለት። ድርጅቱ አራት ፎቅ ይይዛል። ማሽኖቹ እኛ በሳምንት የምንጨርሰውን ከምሳ በፊት ይጨርሱታል። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ይቅርታ እየጠየቁን ወደ እሱ ሄዱ። ሆስፒታሉ ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ጨረታ ሲያወጣ እኛና እሱ ብቻ ቀረን። ወንድሜ «እትዬ፣ ይህን ካጣን ቁልፉን ለአከራዩ መልሰን ወደየቤታችን ነው» አለኝ። እኔም አውቀው ነበር።

የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆስፒታሉ የመዝገብ ኃላፊ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የሰማውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ የሚያሰፍር ሰው። ቅጹን እያነበበ ወደ እኔ ዞረና «እርስዎ እዚህ ሠርተዋል። በካርዶቹ ጀርባ የተጻፈ ነገር አለ?» አለኝ።

«ባዶ ነው» አልኩ።

አስቤበት አይደለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እያወቅሁ አደርገው ነበር። ጥያቄው ያው የተቆጣጣሪዎቹ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ስደጋግመው የኖርኩት መልስ ነው፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። ኃላፊው ጻፈው። ከዚያም ደንቡን አነበበልን፦ የካርዱ ፊት ብቻ በስካነር ይነሳል፤ የተነሳው ካርድ በየሳምንቱ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ተልኮ ይፈጫል፤ ስለ ሰነዶቹ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይወጣል። ፈረምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደረጃውን እየወረድኩ «ተመልሼ ልንገራቸው» አልኩ፣ ግን አፈርኩና ሄድኩ።

ለሙከራ አንድ መሳቢያ ተሰጠን፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካርድ። መጀመሪያ ባለ ሱፉ አነሳቸው፣ ቀጥሎ እኛ። ወንድሜ ሩቅ ከተማ ሲማር እናቴ በየሳምንቱ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ አንድም ሳይጥል አስቀምጧቸዋል። ፕሮግራሙን የእሷን እጅ ያስተማረው በእነሱ ነው። «ምሳህን ብላ»፣ «ካልሲህን ቀይር»፣ «ኩራትህን ለፈተና አቆየው» የሚሉትን እያስነበበ። የመጀመሪያውን ካርድ አሮጊቷ ላይ አስቀመጥኩ። እሷም ሳል ሳል ብላ ጀመረች፤ የእናቴ ጽሑፍ፣ ፋርማሲስቶች እንኳ «የዶክተር ጽሑፍ ይሻለናል» ይሉበት የነበረው፣ አንዲት ፊደል ሳይሳሳት ተተይቦ ወጣ። ወንድሜ አልቃሽ አይደለም። መሀረቡን አውጥቶ የስካነሩን መስታወት መጥረግ ጀመረ፤ መስታወቱ ግን ንጹህ ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ ምን አስደበቀኝ።

ሥራው ባለቀ ማግስት ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ ጠራኝ። «ፊደሉ ብቻ መሰለሽ? ድግግሞሹንም አጽድቼዋለሁ። ስምም የአባት ስምም አንድ የሆነ፣ ዕድሜውም የሚቀራረብ ሠላሳ ስምንት ቦታ አገኘሁ። ሁለት ሁለት ካርድ የወጣላቸው ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙ አንድ አንድ አድርጓቸዋል።»

ካርዶቹን አወጣሁና ጥንድ ጥንዱን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ገለበጥኳቸው። የአንዷ ጀርባ «ባሏ አናጺ» ይላል፤ የሌላዋ «ዓይናፋሯ፣ ፔኒሲሊን ያሳብጣታል፣ ራሷ አትናገርም፣ እናንተ ንገሩላት»። በኮምፒውተሩ ላይ ግን የአናጺው ሚስት ካርድ ብቻ ቀርቶ አንዲት ሴት ሆነዋል፤ ምንም የማያሳብጣት፣ ጤነኛ ሴት። ዓይናፋሯ ነገ ታማ ብትመጣና ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ቢያይ፣ መርፌውን ያዝላታል። እሷም አትናገርም።

ወንድሜ ጀርባዎቹን አንድ በአንድ አነበበ። እሱ ይህን ነገር አያውቅም ነበር፤ ከእናታችን ጋር የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ለምን ባዶ ነው አልሽ?»

«እኔ እንጃ። አፌን በቆረጠው።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አለኝ ጥቂት አስቦ። «ተናገርሽ ማለት ወጣን ማለት ነው። ሥራው የእኛ ከሆነ ጀርባውንም በራሳችን ጊዜ እናነሳዋለን፣ ሰዎቹንም ለያይተን እናስገባለን። ማንም አይጎዳም፣ እኛም አንዘጋም።»

ተስማማሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ማለቱ እፎይ አሰኘኝ፤ ያን ዕለት እራቴን በልቼ፣ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ውጤቱ የተነገረው ሐሙስ ጠዋት ነው። በትክክል በማንበብ እኛ በለጥን፤ በፍጥነት ባለ ሱፉ ስማችን እስኪጠፋ ድረስ በለጠን። ኃላፊው ግራና ቀኝ አይቶ «ኮሚቴው ሥራውን ለሁለት ለመክፈል ወስኗል። ግማሹ መሳቢያ ለእናንተ፣ ግማሹ ለእነሱ» አለ። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠኝ። ግማሹ ለእኛ ከበቂ በላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያኖረናል።

ባለ ሱፉ ተነስቶ አመሰገነ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ይህን አልክድም። «እኛ ሰኞ እንጀምራለን። በሳምንት ሃያ መሳቢያ እናነሳለን፤ የተነሳው ካርድ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፋብሪካ ይሄድላችኋል፣ ቦታ አያጣብብም። በሙከራው ብቻ አርባ አንድ ድግግሞሽ አጽድተናል» አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። ወንድሜም አጨበጨበ። እኔ ግን መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃያ መሳቢያ ሃያ አራት ሺህ ካርድ ነው። ከነጀርባቸው፣ ከነአናጺዎቹ ሚስቶች፣ ከነዓይናፋሮቹ። እነሱን ማዳን የምችልበት ሌላ መንገድ አጣሁ። ወንድሜ እጁን እንደገና ወደ እጄ ሲሰድድ ተነስቼ ቆሜ ነበር።

«ጀርባው ባዶ አይደለም» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፦ እርሳሱን፣ «የትኛዋ ነሽ?»ን፣ አንድ የተደረጉትን ሰዎች። እኛም ሠላሳ ስምንት ጥፋት እንዳለብን አልደበቅሁም። ኃላፊው እስክጨርስ ጠብቆ ቃለ ጉባኤውን ገለጠ።

«ታዲያ ያን ዕለት ባዶ ነው ያሉን ለምንድን ነው?»

«እናቴ ያስለመደችኝ መልስ ስለሆነ ነው።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ሰው ልኮ ከመሳቢያው አንድ እፍኝ ካርድ አስመጣና መገልበጥ ጀመረ። አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ «ጨቅጫቃው» ሳይሆን አይቀርም። ሲጨርስ ካርዶቹን አስተካክሎ አስቀመጣቸው። «ጀርባው ይነሳል። አንድም ካርድ ሳይነበብ አይፈጭም» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ደንቡ ግን ደንብ ነው» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ባዶ ነው» ያልኩት በፊርማዬ እዚያ ሰፍሯል። ሥራው ሁሉ ለባለ ሱፉ ሆነ። ወንድሜ ሳይጠብቀኝ ወጣ፤ በደረጃው ላይ ጀርባውን አየሁ እንጂ አልጠራሁትም።

አስር ቀን ሳይሞላ ባለ ሱፉ የልብስ ሰፊውን ደረጃ ወጥቶ ቢሯችን መጣ። ወንበር ብሰጠው አልቀመጥም አለ።

«ሳልደብቅ ልንገርዎት» አለኝ። «ማሽናችን ምስሉን ሲያጠራ እርሳሱን እንደ እድፍ ይቆጥረዋል። ጠርጎ ነጭ ያደርገዋል። ለእኛ ማሽን በእርግጥም ባዶ ነው። የወንድምዎ ፕሮግራም ግን ያነበዋል ሲሉ ሰማሁ።»

ወንድሜ ከጓዳው ክፍል ወጣ። «አምስት ዓመት የደከምኩበትን? በእናቴ ደብዳቤ ያስተማርኩትን? እንጀራዬን ቀምተህ ስታበቃ ቢላዋውንም አቀብለኝ ትላለህ?»

ባለ ሱፉ እጅ ነስቶ ወጣ። እኔ በምን ፊቴ ልናገር። ወንድሜን ሁለት ቀን ሙሉ እንደምን አደርክ ብዬ ብጠይቀው መልሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ጠረጴዛዬ ላይ ፕሮግራሙ ያለበት ዲስክና የደብዳቤዎቹ ካርቶን ተቀምጠዋል። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

«ውሰጂላቸው። እኔ የእነሱን ደረጃ አልወጣም።»

«እሺ።»

«እማዬ ብትሆን…» አለና አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም።

ሁለት ነገር ብቻ አስፈረምኳቸው፦ ከጀርባው የተነበበው ሁሉ ይገባል፤ ማሽኑ ያነበበውንም አንድ ሰው ከካርዱ ጋር ያመሳክረዋል፣ ያ ሰውም እኔ ነኝ። ቁልፉን ለአከራዩ መለስን። አሮጊቷን ልብስ ሰፊው ወሰዳት፤ አሁን የተቆረጠ ጨርቅ ይከመርባታል አሉ። ወንድሜ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ስለ ሥራዬ አይጠይቀኝም፣ ግን ስነግረው ሬድዮውን ይቀንሳል።

የባለ ሱፉ አዳራሽ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሰፊ፣ ነጭ፣ ምንም የማይሸት። አብራኝ የምትሠራው ኦፕሬተር የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውል ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን «እማማ» ስትለኝ ደሜ ፈላ፤ በሳምንቱ ለመድኩት። ሥራችን ቀላል ነው። ካርዱ በካሜራው ሥር ይቀመጣል፤ ልጅቷ እርሳሱ ጎልቶ እንዲታይ መብራቱን ከጎን ታበራለች፤ ማሽኑ ያነብና ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል፤ እኔ ካርዱን አይቼ «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» እላለሁ።

በመጀመሪያው ወር፣ ፕሮግራሙ የደበዘዘ እርሳስ ማንበብ እስኪለምድ፣ ከአስሩ አራቱን አርም ነበር። «ደግ»ን «ደረቅ» ብሎ ያነባል፣ ረጅሟን አጭር ያደርጋታል። በሁለተኛው ወር ከአስሩ አንድ። በአራተኛው ወር እኔ «ልክ ነው» ከማለት በቀር ሥራ ፈታሁ። አንዳንዱ ጽሑፍ በጣም የደበዘዘ ስለሆነ ማሽኑ ካነበበው በኋላ ነው ለእኔም የሚታየኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ቅናትም ነበረበት። እናቴን ለማንበብ እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የአንዲት ሴት ካርድ ተነሳ። ገልብጬ አየሁት። «መንታ ወለደች» ይላል፣ በደማቁ፣ ከእናቴ የተለመደ አጻጻፍ ትንሽ ተለቅ ባለ ፊደል። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ማሽኑ ያወጣው ግን ሁለት መስመር ነው። ከላይ «መንታ ወለደች»። ከሥሩ፦

«ልጇ ሞቶባታል። ስለ ልጅ አትጠይቋት።»

«ይሄ ከየት መጣ? ተሳስቷል» አልኩ።

ልጅቷ መብራቱን ዝቅ አድርጋ ካርዱን አዘነበለችው። አልተሳሳተም። በላጲስ ክፉኛ ከመታሸቱ የተነሳ ካርቶኑ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ከላዩ የተጻፈው ጽሑፍ ሥር የአሮጌው እርሳስ ጠባሳ አለ። ማሽኑ ያነበበው ጠባሳውን ነው። ያን ዕለት እናቴን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፦ ሴትዮዋ ሁለት ሕፃን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ስትቆም፣ እናቴ ካርዱን ገልብጣ ላጲሱን ስታነሳ፣ ቅሪቱን እፍ ብላ ስታራግፍ። ያኔ እኔ አጠገቧ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም፣ አላውቅም። ነግራኝ አታውቅም። ስንቱን እንዲህ እንዳጠፋች ማን ያውቃል።

ልጅቷ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። «እማማ፣ ሁለቱንም ላስገባ? ውሉ የተነበበው ሁሉ ይገባል ነው የሚለው። እርስዎ ራስዎ ያስፈረሙት ነው።»

እውነቷን ነው። አንድም የእርሳስ ነጥብ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ቢሮዬን ያጣሁት፣ ወንድሜን ያስከፋሁት።

«የታችኛውን ተይው» አልኳት።

«ማሽኑ እኮ በትክክል ነው ያነበበው።»

«አዎ፣ በትክክል አንብቦታል። እናቴ ግን አጥፍታዋለች።»

ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስክሪኑን አየችና የታችኛውን መስመር ሰረዘችው።